ነዳጅ ሲረገጥ የሚያፏጭ ቴፕ

ጥያቄው ከፍኖተ ሰላም ነው። ጠያቂው ሚኒባስ ይነዳል። አምፕሊፋየር (የቴፑን ድምፅ የሚያጎላ ዕቃ) ካስገጠመ ወዲህ ነዳጅ ሲረግጥ ስፒከሩ አብሮ ያፏጫል፤ እግሩን ሲያነሳ ፉጨቱም ይወርዳል። «ቴፑ ተበላሽቷል፣ ቀይር» ብለውታል። ልቀይር ወይ ነው የሚለው።

ወንድሜ፣ ብርህን ያዝ። ፉጨቱ ከሞተሩ ጋር ከወጣና ከወረደ ምንጩ ዲናሞው ነው፤ ሞተሩ እያዞረው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው። የዲናሞ ኤሌክትሪክ በዳዮድ (ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ዕቃ) ተስተካክሎ ቢወጣም ትንሽ ሞገድ ይቀርበታል። በየትኛውም መኪና አለ። ያንተ ላይ የተሰማው መግቢያ ስላገኘ ነው።

ሞተሩን አስነሳና የቴፑን ድምፅ እስከ ዜሮ ቀንስ። ፉጨቱ አብሮ ከጠፋ የሚገባው ከቴፑ በፊት ነው። የስልክ ቻርጀሩን ንቀል፣ ሬዲዮ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ የአንቴናውን ገመድ ነቅለህ ስማ። ዜሮ ላይም ካፏጨ ሞተሩንም ቴፑንም አጥፋ፣ ከቴፑ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄዱትን የድምፅ ገመዶች ንቀልና እንደገና አስነሳ። ዝም ካለ በገመዶቹ በኩል ነው የሚገባው። ከባትሪው ወፍራም ገመድ ጋር ታስረው ከሆነ ለያቸው፤ አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ይሂድ።

ተነቅለውም ካፏጨ ወደ ማሳው ሂድ፤ የአምፕሊፋየሩ ነጌቲቭ ገመድ ከመኪናው ብረት ጋር ወደሚታሰርበት ማለቴ ነው። እንዲያውም ገመዶቹን ለይተህም ካልተወው እዚሁ ነው የምትመለሰው። እኔ ጋ ከሚመጡት አብዛኞቹ ማሳቸው ቀለም ላይ የታሰረ ነው። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በዚያ ላይ የኛ አገር ክረምት አለ። ተሳፋሪ ጭቃ ይዞ ይገባል፣ ወለሉ በውኃ ይታጠባል፣ ምንጣፉ ሥር ያለው ቡለን ይዝጋል። ፍታው፤ ብረቱ ነጭ እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው፣ አጥብቀህ እሰር፣ ከላይ ግሪስ ቀባው። የማሳው ገመድ አጭር ይሁን፤ ውፍረቱም ከባትሪ ከሚመጣው አይነስ።

ሥራህን በቴስተር (በቮልት መለኪያ) አረጋግጥ። ዲሲ ላይ አድርገህ ሙዚቃ እየሠራ ከአምፕሊፋየሩ ማሳ እስከ ባትሪው ነጌቲቭ ለካ። ከ0.1 ቮልት በታች ከሆነ ጥሩ ነው። 0.5 ካለህ ገና አልታሰረም።

ማሳው ጥሩ ሆኖ ካላቆመ ዲናሞውን ጠርጥር። ሞተሩ እየሠራ መብራት አብራና ባትሪው ላይ ለካ፤ ዲሲ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ቢሆን ደህና ነው። ያን የቀረውን ሞገድ ወደሚለካው ኤሲ አዙረህ ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየህ ግን ዳዮድ ሳይቃጠል አይቀርም። አደራ፣ ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ አንስተህ ዲናሞ እንዳትሞክር! ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ ቮልቱ በድንገት ይዘልና ዲናሞውንም የመኪናውን ኮምፒውተርም ሊያቃጥል ይችላል።

ገበያ ላይ ያለው የድምፅ ማጣሪያ የመጨረሻው ነው። የተበላሸ ማሳ ላይ ከገጠምከው ፉጨቱን ይሸፍንልህ ይሆናል እንጂ ቡለኑ መዛጉን አያቆምም።

ዓባይ በረሃ ስትወርድ ሬዲዮው ቢንሿሿ ግን ምንም አትንካ። የሬዲዮ ሞገዱን የጋረደው ገደሉ ነው፤ ደጀን ስትወጣ ይመለሳል።