ሄድፎኑ የት ጋ ነው የሚያምሽ?

አንዲት ተማሪ የላከችልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው። «ለፈተና እየተዘጋጀሁ ስለሆነ በቀን አምስትና ስድስት ሰዓት ሄድፎን አድርጌ ነው የማጠናው። መነጽር አደርጋለሁ። ሄድፎኔ ጆሮ ላይ ቁጭ የሚል ትንሽዬ ነው። ሲደረግ ደስ ይላል፤ አንድ ሰዓት ሲያልፍ ግን የጆሮዬ ዳር ያቃጥለኛል፣ ቀጥሎ ጆሮ ግንዴ አካባቢ ይወቅረኛል። ገንዘብ ጨምሬ ውድ ልግዛ ወይስ ሁሉም ያው ነው?»

እህቴ፣ ሁሉም ያው አይደለም። ውድ መሆኑም ብቻውን አያድንሽም። ሄድፎን መጠገን ሥራዬ ነው፤ ጠረጴዛዬ ላይ ከሚመጡት ውስጥ ዋጋቸው የሚያስደነግጥ፣ ባለቤቶቻቸው ግን ግማሽ ሰዓት እንኳ ሊታገሷቸው ያልቻሉ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ሰው ምን ልግዛ ሲለኝ ገና ስለ ገንዘቡ ሳላነሳ የት ጋ ነው የሚያምህ፣ የት ጋ ነው የሚያምሽ እላለሁ። ጥፋቱ የት እንዳለ የሚናገረው የሚያመው ቦታ ነው።

አንቺ ደግሞ በደንብ ነግረሽኛል። መጀመሪያ የጆሮ ዳር፣ ከዚያ ጆሮ ግንድ። ጆሮ ሥጋ የለውም፤ ልም አጥንት ላይ የተወጠረ ቆዳ ነው። ከውጭ በኩል ፓዱ (ለስላሳውን ስፖንጅ ማለቴ ነው) ይገፋዋል፣ ከውስጥ በኩል የመነጽርሽ ዘንግ አለ፣ ጆሮሽ በሁለቱ መሀል ተጣብቆ ይውላል። ደሙ እንደልቡ አይዘዋወርም፣ ሙቀቱም መውጫ ያጣል፣ ማቃጠሉ ከዚያ ነው የሚመጣው። ጉትቻ ካደረግሽ ደግሞ ሦስተኛ ጠላት ተጨመረ ማለት ነው። ይሄን የተሻለ ስፖንጅ በመግጠም አትፈቺውም። አንድ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆንልሽ ይሆናል፣ በቃ። መቀየር ያለበት ዓይነቱ ነው፤ የሚያስፈልግሽ ጆሮን ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ የሚያስገባና ፓዱ በጆሮሽ ዙሪያ አጥንቱ ላይ የሚያርፍ ትልቁ ዓይነት ነው።

ጆሮ ላይ የሚያርፍ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስካሁን የሚሸጠው ኮስ ፖርታ ፕሮ ከጆሮ ከፍ ብለው ራስ ላይ የሚያርፉ ትንንሽ ተጨማሪ ስፖንጆች ስላሉት ጆሮ ላይ ያለውን ጫና ይቀንሳል፣ ክብደቱም ኢምንት ነው። መነጽር አድርጎ ስድስት ሰዓት ለሚቀመጥ ሰው ግን አልመርጠውም።

አሁን ማስመሪያ አምጪ። ቀልዴን አይደለም። የጆሮሽን ቁመት ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ለስላሳ ክፍል ለኪ። የአብዛኛው አዋቂ ሰው ከ6 እስከ 7 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። ሄድፎን ስታዪ መለካት ያለብሽ የፓዱን የውስጥ ክፍተት ነው፣ ምክንያቱም ከውጭ ሲያዩት ሰፊ ሆኖ ውስጡ ግን እንደ እንቁላል የጠበበ ሞልቷል፤ ጆሮሽ ካልገባበት ደግሞ በትልቅ ገንዘብ ያንኑ ጆሮ ላይ የሚያርፈውን ገዛሽ ማለት ነው። ክፍተቱ ከጆሮሽ ቢያንስ ግማሽ ሴንቲሜትር ይብለጥ።

ሰው ሁሉ የሚረሳው ግን ጥልቀቱን ነው። ጆሮ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የአንዳንዱ ሁለት ሴንቲሜትር ገደማ፣ የአንዳንዱም ከዚያ በላይ። ፓዱ አዲስ እያለ ጥልቅ ይመስላል። ሲደረግ ይጨመቃል፣ ከሦስት አራት ወር በኋላ ደግሞ ይተኛል፣ ያኔ የጆሮሽ ጫፍ ስፒከሩን የሸፈነውን ጨርቅ መንካት ይጀምራል። ይሄ ሕመሙ ተንኮለኛ ነው። መጀመሪያ ያሳክካል፣ ቀስ ብሎ ይቆረቁራል፣ ሰውየው ግን ምን እንደሆነ ስለማይገባው ሄድፎኑን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ይውላል። አንዱ ደንበኛ «ተበላሽቷል፣ አንድ ጆሮዬን ይቆረቁረኛል» ብሎ አምጥቶልኝ ከፍቼ ምንም አጣሁበት። በመጨረሻ አድርገው እስቲ ልይ ስለው ለካ ግራና ቀኙን አገላብጦ ነው የሚያደርገው። የአንዳንድ ሄድፎን ፓድ ከጆሮ ጀርባ በኩል ወፈር፣ ከፊት በኩል ቀጠን ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ሲገለበጥ ወፍራሙ ወደፊት መጥቶ ነገሩን ሁሉ ያዛባዋል። ያን ቀን ሒሳብ አልተቀበልኩም፣ ሳቁ በቂ ነበር።

ወደ ክብደት እንምጣ። እኔ ለረጅም ሰዓት የምመክረው ከ260 ግራም የማይበልጠውን ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የሶኒው ደብሊውኤች 1000 ኤክስኤም 4 ክብደቱ 254 ግራም ነው፤ የአፕል ኤርፖድስ ማክስ 385 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ፕላናር የሚባሉት ሰፊ ማግኔት ያላቸው ደግሞ ግማሽ ኪሎ የሚሞሉ አሉ። ድምፃቸው ያምራል፣ አልዋሽሽም። ግን የሚያጠና ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ አስቢ፤ አንገቱን ደፍቶ ነው። ቀጥ ብለሽ ስትቀመጪ መሀል አናትሽ ላይ በእኩል ያረፈው ክብደት አንገትሽን ስትደፊ ወደ ግንባር ይንሸራተታል፣ አንገትሽ ደግሞ ሳይታወቅሽ ይሄን ሲመክት ይውላል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ቆመሽ፣ ፊትሽን ቀና አድርገሽ የሞከርሽው ሄድፎን ስለ ጥናት ምንም አልነገረሽም። ቁጭ በይ፣ ስልክሽን ጭንሽ ላይ አድርገሽ እያነበብሽ ሃያ ደቂቃ ቆዪ። ሻጩ ካጉረመረመ ያጉረምርም። ሃያ ደቂቃ ካልፈቀዱልሽ መመለስ ከሚቻልበት ቦታ ግዢ።

መሀል አናትሽን ነጥብ አድርጎ የሚወጋሽ ከሆነ ችግሩ ከላይ የሚያልፈው ቅስት ነው። ቀጭን ቅስት ክብደቱን ሁሉ አንድ ቦታ ይከምረዋል። ሰፊና ለስላሳ የሆነውን ወይም ከብረቱ ሥር ራሱን የቻለ ቀበቶ መሳይ ማሰሪያ ያለውን ምረጪ፣ ይሄኛው የራስን ቅርጽ ተከትሎ ክብደቱን ያካፍላል። ፀጉርሽን አናትሽ ላይ ጠቅልለሽ የምታስሪ ከሆነም ዝቅ አድርጊው፣ ቅስቱ እዚያ ላይ ከወጣ የትኛውም ሄድፎን አይመችሽም።

ጆሮ ግንድሽን የሚወቅርሽ ደግሞ ቁንጠጣው ነው፤ ሄድፎኑ ከሁለት በኩል ራስን የሚይዝበት ኃይል። የሚለካው በኒውተን ነው። ብዙዎቹ ከ3 እስከ 6 ኒውተን ውስጥ ይወድቃሉ፣ 3 ኒውተን ማለት ደግሞ 300 ግራም የሚያህል ነገር ተጭኖብሽ እንደማለት ነው። በጣም ከላላ አንገትሽን ስትደፊ ይወድቃል፣ በጣም ከጠበቀ የመነጽርሽን ዘንግ ወደ ውስጥ እየነዳ ራስ ያሳምማል። ከባድ ሄድፎን እንዳይወድቅ የግድ ጠበቅ ማለት አለበት፤ ቀላል የሆነውን የምወድበት ሌላው ምክንያት ይሄው ነው።

አዲስ ሄድፎን ጠበቀኝ ብሎ ወዲያው መመለስም የለም። መጀመሪያ ቅስቱን አስረዝሚው። ብዙ ሰው በአጭሩ አድርጎት፣ ፓዱ ወደ ላይ ተስቦ፣ የታችኛው ጫፍ የጆሮውን ለስላሳ ክፍል እየተጫነው ነው የሚሰቃየው። ሁለቱን ጎን ለየብቻ አስተካክዪ፣ የሰው ራስ ግራና ቀኙ አንድ አይደለም። ካልሆነ ከራስሽ ጥቂት ሰፋ ያለ የመጻሕፍት ቁልል ላይ ዘርግተሽ አሳድሪው፤ የብረት ቅስት በሁለት ሦስት ሌሊት ይለሰልሳል። ፕላስቲክ ከሆነ ግን እንዳትነኪው። እኔ ራሴ አንዱን «ትንሽ ልሳበው» ብዬ እጄ ላይ ቀጭ ብሎ ተሰብሮ፣ ለባለቤቱ አዲስ ገዝቼ ሰጥቻለሁ።

የፓዱ ልብስ ለአንቺ ወሳኝ ነው። አርቲፊሻል ቆዳ ድምፅ እንዳያመልጥ በደንብ ይዘጋል፣ ግን ላብ ያጠራቅማል፣ ዓመት ሁለት ዓመት ሲቆይ ደግሞ ይቀረፋል፤ አንገትሽ ላይ ጥቁር ብናኝ ስታገኚ ያ ነው። ከፈይ የሚመስለው ቬሎር ጨርቅ አየር ያስገባል፣ ከመነጽር ጋርም ይስማማል። የመነጽር ዘንግ የቆዳውን ፓድ ወደ ውጭ ገፍቶ ክፍተት ይፈጥራል፣ በዚያ ክፍተት መጀመሪያ የሚያመልጠው ወፍራሙ ድምፅ ነው፣ ሰውም ቤዙ አነሰ ብሎ ድምፁን ይጨምራል። ለስላሳ ፓድ በዘንጉ ዙሪያ ይተኛል። መነጽርሽን የምትቀይሪበት ጊዜ ከመጣ ቀጭን ዘንግ ያለው ምረጪ፤ ከሄድፎኑ የበለጠ ለውጥ ልታዪ ትችያለሽ። ስትገዪ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂ፦ ፓዱ ይወልቃል ወይ፣ መለዋወጫውስ ይገኛል ወይ? ተጣብቆ የተሠራ ከሆነ ፓዱ ሲያልቅ ሄድፎኑም አለቀ።

የምታጠኚበትን ቦታ አልነገርሽኝም፣ ስለዚህ ሁለቱንም ልበል። ብቻሽን ክፍል ውስጥ ከሆንሽ ጀርባው (የውጭ ሽፋኑ) ክፍት የሆነውን ውሰጂ። አየር ያስገባል፣ ጆሮ አያፍንም፣ ድምፁም ራስሽ ውስጥ የታጨቀ አይመስልም። ሴንሃይዘር ኤችዲ 560 ኤስ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ 240 ግራም፣ ፓዱ ቬሎር። ጉዳቱ ድምፁ ወደ ውጭ መውጣቱ፣ የውጩም መግባቱ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይዘሽው ከገባሽ ይጣሉሻል። ሰው መሀል ከሆንሽ ጀርባው ዝግ የሆነው ያስፈልግሻል፣ ለምሳሌ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ። ክብደቱ 270 ግራም ስለሆነ ካልኩሽ መስመር ጥቂት ያልፋል፣ ግን ፓዱ ቬሎር ነው፣ መለዋወጫውም ይሸጣል። ይሄን ስትገዪ 250 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) የሚለውን ተዪው፣ ስልክ በደንብ አይገፋውም፤ 32 ወይም 80 ኦም ያለውን ውሰጂ።

ድምፅ የሚያጠፉት፣ ኖይዝ ካንስሊንግ ያላቸው፣ የማራገቢያና የሞተር ዓይነቱን የማያቋርጥ ወፍራም ጩኸት ጥሩ አድርገው ይቀንሳሉ። የሰው ወሬ ግን ያን ያህል አይደለም፣ ጎረቤትሽ ስልክ ሲያወራ ትሰሚዋለሽ። አንዳንድ ሰው ሲያበራው አውሮፕላን ሲነሳ እንደሚሰማው ዓይነት ጆሮው የተደፈነ ይመስለዋል። ከእነዚያ ከሆንሽ ስድስት ሰዓት አትችዪውም፣ ስለዚህ አብርተሽ ሳትሞክሪ አትግዢ።

ጆሮ ውስጥ የሚገባው ኢርፎን? ክብደት የለውም፣ መነጽርም አይነካም። ግን ቀዳዳውን ደፍኖ እርጥበት ስለሚያጠራቅም ለስድስት ሰዓት ተከታታይ አልመክረውም። አንድ ሰዓት ለመቀያየር ያህል ግን ጥሩ ነው፣ ጫፉን በልክሽ ከመረጥሽ።

ድካም ሁሉ ከፓድ አይመጣም። ቀጭኑ ድምፅ፣ ያ «ሰ» እና «ሽ» የሚያፏጭበት አካባቢ፣ ከልክ በላይ ከሆነ ምንም ሳይቆነጥጥሽ ራስሽን ያዞርሻል። ስልክሽ ላይ ኢኳላይዘር (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ የሚያስተካክለው) ካለ ከ6 እስከ 8 ሺህ ኸርዝ ያለውን ሁለት ሦስት ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ዝቅ አድርጊው። መጀመሪያ የደበዘዘ ይመስልሻል፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ትለምጅዋለሽ።

የድምፅ መጠኑን ነገር ደግሞ ቀልድ አታድርጊው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 90 ሲደርስ በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ይቀርሻል። አንቺ በቀን ስድስት ሰዓት ካልሽ በሳምንት 40 አለፍሽ ማለት ነው፣ ስለዚህ ከ80 በታች መሆን አለብሽ። አንዳንድ ስልኮች መጠኑን ያሳያሉ፣ ቅንብሩ ውስጥ ገብተሽ እዪው። በየሰዓቱም አምስት ደቂቃ አውልቂው፣ ጆሮም ፓድም ይተንፍስ።

ያለሽን አሮጌውን አትጣዪው፣ ለስልክ ጥሪ ይሆንሻል። አሁን የጆሮሽን ቁመት፣ የመነጽርሽን ዘንግ ውፍረትና የምታጠኚበትን ቦታ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ከዚያ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻልሽ ቁርጡን እነግርሻለሁ።