አባትሽን ቤት ወስደው ሊያክሟቸው ከሆነ አስተርጓሚያቸው አንቺ አትሁኚ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሥራ ቦታ ሆኜ ነው ያየሁት። ቤት እስክገባ አላስቻለኝም። «አባቴ የልብ ድካም ይዟቸው፣ ሳንባቸው ውሃ ቋጥሮ፣ ሆስፒታል ከተኙ ሁለት ቀናቸው ነው። ዛሬ ደግሞ ቤታቸው ወስደን እዚያው እናክማቸው ይሉኛል። ሊያባርሩን ነው? ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?» ነው ያልሽው።

እኔ እናቴን ባለፈው ዓመት በሁዳዴ ጾም በዚሁ መንገድ አሳክሜያለሁ። እዚሁ አሜሪካ፣ በሜዲኬር (መንግሥት ለአረጋውያን በሚሰጠው የጤና መድን)፣ በዚሁ በሽታ። ማባረር አይደለም። ፈርሚ። ግን እኔ የሠራሁትን እንዳትሠሪ ስለፈለግኩ ትንሽ ላስረዝምብሽ ነው።

1. መጀመሪያ ስሙን አጣሪ። «ሆም ኸልዝ» ነው የሚሉሽ ወይስ «ሆስፒታል አት ሆም»? ሆም ኸልዝ ከሆነ አባትሽ ከሆስፒታል ተሰናብተዋል ማለት ነው። ነርስ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ብቅ ትላለች፣ በቃ። ሁለተኛው ግን ሌላ ነገር ነው። አባትሽ አሁንም እንደተኛ በሽተኛ ነው የሚቆጠሩት፤ አልጋው ብቻ ነው ቤት የሄደው። በሜዲኬር ደንብ ሐኪም በየቀኑ ማየት አለበት፣ በቪዲዮም ቢሆን። ነርስ ወይም ፓራሜዲክ (የአምቡላንስ ባለሙያ) በቀን ሁለቴ በአካል ይመጣል። ድንገት ቢብስባቸው በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚደርስ ሰው መኖር አለበት። መርፌው፣ ኦክስጅኑ፣ የደም ምርመራው ሁሉ ቤት ይመጣል።

ይህ አሠራር ከሜዲኬር ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ነው፣ በኮቪድ ወረርሽኝ ሆስፒታሎች አልጋ ሲያጡ። ሐሳቡ ግን የቆየ ነው፤ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ ሞክሮታል። ቸል ሊሉን ነው ብለሽ ከፈራሽ፣ ቦስተን ያለው ብሪገም ኤንድ ዊመንስ ሆስፒታል 91 በሽተኞችን በዕጣ ከፍሎ አነጻጽሯል። በአንድ ወር ውስጥ ተመልሰው ሆስፒታል የገቡት፣ ቤት ከታከሙት 7 በመቶ፣ እዚያው ተኝተው ከታከሙት 23 በመቶ ናቸው። አንድ ነገር ግን ጠይቂ፦ «ፈቃዱ አሁን ይሠራል?» ኮንግረስ እየቆራረጠ ነው ሲያራዝመው የኖረው። ኦክቶበር 1 ቀን 2025 መንግሥት የተዘጋ ጊዜ ፈቃዱም አብሮ ተቋርጦ፣ ሆስፒታሎች በሜዲኬር ቤት ያስተኟቸውን ሰዎች ወይ መመለስ ወይ ማሰናበት ግድ ሆኖባቸው ነበር።

2. ለሥራ ቦታሽ ከሆስፒታሉ ደብዳቤ ያዢ። «ኢንፔሸንት» (ተኝቶ ታካሚ) የሚል ቃል ይኑርበት። እኔ ሳልይዝ ሄጄ የቢሮዋ ሴትዮ ምን አለችኝ መሰለሽ? «እናትህ ቤቷ ናት፣ አንተ ምን ልትሠራ ትቀራለህ?» ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ሳላረፍድ የሠራሁበት ቦታ ነው። ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። የሦስት ቀን ደመወዜ ተቆረጠ። በኋላ ነው ሕጉን ያወቅኩት። ከ1993 ጀምሮ ያለ የፌዴራል ሕግ ነው፣ ኤፍ ኤም ኤል ኤ ይሉታል። 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት አንድ ዓመት ከሠራሽ፣ በዓመቱም 1,250 ሰዓት ከሞላሽ፣ በጠና የታመመ ወላጅ ለማስታመም እስከ 12 ሳምንት መቅረት ትችያለሽ። ክፍያ የለውም፤ ሥራሽን ግን አይነኩብሽም። የሕጉን ወረቀት የእናቴ ሐኪም ሞልታ ስትሰጠኝ ያቺው ሴትዮ ምንም ሳትል ማኅተም አደረገችልኝ። ይቅርታ እንኳን አላለችም።

3. አስተርጓሚ። ይሄን ሁለቴ አንብቢው።

ስንፈርም ኬዝ ማናጀሯ (የሆስፒታሉ ጉዳይ አስፈጻሚ) «እንግሊዝኛህ በጣም ጥሩ ነው፣ አንተ ብትነግራት አይሻልም?» አለችኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። እናቴን ከኔ በላይ ማን ያውቃታል ብዬ «አስተርጓሚ አያስፈልግም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ።

ማክሰኞ ቤት ገባን። አንድ ትልቅ ሣጥን አመጡ። ታብሌት፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ፣ ሚዛን፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የአደጋ ጊዜ ቁልፍ። ነርሷ ጠዋትና ማታ እየመጣች ላሲክስ (ፈሳሽ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት) በክንዷ ላይ ባለው መስመር ትሰጣታለች። ማክሰኞ ሚዛኗ 151 ፓውንድ ነበር። ሐሙስ ጠዋት 147 ወረደ። እኔ ጮቤ ረገጥኩ።

ሐኪሟ በየቀኑ በታብሌቱ ትመጣለች። «ትንፋሽ ያጥርሻል?» ትላለች። እኔ ለእማዬ እነግራታለሁ። እማዬ «ተመስገን፣ ምን ጎደለኝ» ትላለች። እኔ «ሺ ኢዝ ፋይን» (ደህና ናት) እላለሁ። «እግርሽ ያብጣል?» «ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን!» «ሺ ኢዝ ፋይን።» እንዲህ ነበር የምንሠራው። ያንቺም አባት እንደዚያው ነው የሚሉት፣ አውቃለሁ። የኛ አባትና እናት ሐኪም ፊት ታመምኩ አይሉም፤ ልጅ ፊት ደግሞ ጭራሽ።

ዓርብ 149 ሆነች። ቅዳሜ 152። ነርሷ ግንባሯን ቋጠረች። በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ፈሳሽ እንዳትጠጣ ተብሏልና «ምን እየጠጣች ነው?» አለችኝ። እማዬን ጠየቅኳት። «አንተ ከሰጠኸኝ ውሃ ሌላ በአፌ አልዞረም» አለችኝ። አመንኳት። ነርሷ መድኃኒቱን ጨመረችላት፤ ማታ እንደገና ይደወላል ተባለ። ማታም ተደወለ። «ሺ ኢዝ ፋይን።»

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ድምፅ ሰምቼ ስነሳ ሳሎን ሶፋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላለች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ በአንድ እጇ የመስኮቱን ደፍ ይዛ፣ አፏን ከፍታ አየር ትስባለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ቁልፉን ተጫንኩ። ልመስክርላቸው፣ ወዲያው ነው ያነሱት፤ አምቡላንሱም አልዘገየም። እኔ ግን ደረጃውን ስወርድ ጉልበቴ አልያዘኝም።

ኢመርጀንሲ ውስጥ አንዷ ነርስ በብረት ዘንግ ላይ የተሰቀለ ስክሪን እየገፋች መጣች። እኔን ዞራም አላየችኝ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ሐበሻ ሴት ብቅ አለች።

«እናቴ፣ ሲተኙ ስንት ትራስ ይደገፋሉ?»

«ሦስት ነበረ። ከሐሙስ ወዲህ ግን አልተኛሁም፤ ቁጭ ብዬ ነው የማነጋው።»

«ውሃ ምን ያህል ይጠጣሉ?»

«ውሃ አልጠጣም ልጄ። ጸበል ነው።»

ጎረቤታችን ከቤተ ክርስቲያን በጋሎን ያመጣችላት ጸበል አልጋዋ ሥር ነበር። እኔ ሳልነቃ በባዶ ሆዷ ትጠጣዋለች። ውሃ ስላልሆነ አልዋሸችኝም፤ በሷ ቤት እውነቷን ነው። ለምን እንቅልፍ እንዳጣሽ አልነገርሽኝም ስላት «ሥራህን ትተህ እንዳትቀርብኝ ብዬ ነዋ» አለችኝ። ለማታውቃት ሴት በሁለት ደቂቃ የነገረቻትን ለኔ በአምስት ቀን አልነገረችኝም። አራት ቀን ተመልሳ ሆስፒታል ተኛች።

ስለዚህ «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በያቸው። በነፃ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ክፍል 1557 ላይ አለ። ዘመድሽን አምጪ ብለው ሊያስገድዱሽ አይችሉም። «እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው» ካሉሽ «የአባቴ አይደለም» በያቸው። ቤት ውስጥም በየቪዲዮው ጥሪ አስተርጓሚዋ እንድትገባ ከመጀመሪያው ቀን አስመዝግቢ። አስተርጓሚዋ ስትገባ ደግሞ አንቺ ወደ ጓዳ ገባ በይ። እኔ ሁለተኛው ዙር ላይ እንደዚያ ነው ያደረግኩት።

አዎ፣ ሁለተኛ ዙር ነበረን። ከአራቱ ቀን በኋላ እንደገና ቤት እንውሰዳት ሲሉኝ እሺ አልኩ። ዘመዶቼ አብደሃል አሉኝ። የንስሐ አባቷን ጠርቼ ፊት ለፊት አስነገርኳት፤ ከጾሙ ፈቷት፣ ጸበሉንም መጠጣቷን ትታ እንድትረጭበት አደረጉ። ሚዛኗን በየጠዋቱ ልክ 1 ሰዓት ላይ፣ ቁርስ ሳትበላ፣ በአንድ ዓይነት ልብስ እየመዘንኩ ፍሪጁ ላይ በለጠፍኩት ወረቀት ጻፍኩ። በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ፓውንድ፣ ወይም በሳምንት አምስት ከጨመሩ ወዲያው ደውዪ። ሦስተኛው ቀን 144 ሆነች፣ መስመሩን ከክንዷ ነቀሉላት። ሐኪሟ ወረቀቱን በካሜራ አሳየኝ ብላ «ይሄን ማን አስተማረህ?» አለችኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ልነግርሽ አልችልም።

ኦክስጅን ካመጡ ደግሞ ቡናውን አስቢበት። አክስቴ ልትጠይቃት መጥታ ረከቦቷን ዘርግታ፣ ማጨሻው ላይ ከሰል አቀጣጥላ እጣን ጣል አድርጋለች፤ እማዬ ደግሞ ከከሰሉ ሁለት ሜትር እንኳን ሳትርቅ ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ ነው። ነርሷ በሩን ከፍታ ስታይ ክው ብላ ቀረች። ኦክስጅን ባለበት እሳት ነፍስ ያጠፋል። ቡናውን ወጥ ቤት በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉት፤ ጭሱ ይቅር። ጠያቂ ሲበዛም ቆፍጠን በይ። ሆስፒታል ቢሆን ዘበኛው ይመልስልሽ ነበር፤ ቤት ውስጥ ግን ዘበኛዋ አንቺ ነሽ። ሽሮና ወጥ ይዘው ከመጡ ጨው የሌለው መሆኑን ጠይቂ። ይከፋቸዋል፣ ይክፋቸው።

አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ነገ ጠዋት ኬዝ ማናጀሯን ስታገኚ የፈቃዱን፣ የደብዳቤውንና የአስተርጓሚውን ነገር ሳትፈርሚ ጠይቂያት። ምን እንዳለችሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።