የመድኃኒት የአባት ስም

ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ ፋርማሲ ወይም ነርሲንግ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣ እንዲሁም ለእናትና ለአባታችሁ የመድኃኒት ካርቶን እያነበባችሁ ለምታስረዱ ሁሉ።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ደሴ ውስጥ በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ነው። ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችን ሳይ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ረጃጅሞቹን የእንግሊዝኛ ስሞች እንዳሉ ይሸመድዷቸዋል። "ሃይድሮክሎሮታያዛይድ" ይሉኛል በአንድ ትንፋሽ። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ 19 ፊደል ነው፤ መያዛቸው ያስደስተኛል። "እስቲ ቆራርጡት፣ የትኛው ክፍሉ ነው ሥራውን የሚነግራችሁ?" ስላቸው ግን ዝም። መልሱ ያለው ጅራቱ ላይ ነው። ታያዛይድ ማለት ጨውና ውሃ በሽንት እንዲወጣ እያደረገ የደም ግፊት የሚቀንስ መድኃኒት ነው። ይህን ያወቀ ልጅ 19ኙን ፊደል ቢረሳ እንኳ ሥራውን አይረሳም።

እነዚህ ስሞች እንዲያው የተደረደሩ ፊደላት አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1950 አንድ መድኃኒት የትም አገር በአንድ ስም እንዲጠራ የሚያደርግ አሠራር ጀመረ። የመጀመሪያው የስም ዝርዝር በ1953 ወጣ። በዚህ አሠራር አንድ ወገን የሆኑ መድኃኒቶች ስማቸው ውስጥ የጋራ ፊደላት ይኖሯቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ። ለእኛ አገር ሰው ይህ አዲስ አይደለም። መጀመሪያ የራስ ስም፣ ቀጥሎ የአባት ስም ነው። አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊንና ክሎክሳሲሊን የሲሊን ልጆች ናቸው። ኤናላፕሪልና ካፕቶፕሪል የፕሪል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ኖርፍሎክሳሲን የፍሎክሳሲን።

ይህ እውቀት ሰው ያድናል። አንድ ቀን ከኩታበር የመጡ እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር ገቡ። እግራቸው ላይ ለመረቀዘ ቁስል ክሎክሳሲሊን ታዞላቸዋል። "እማማ፣ የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?" አልኳቸው።

"ፔኒሲሊን የሚሉት መርፌ አንዴ ሊገድለኝ ነበር። ፊቴ አብጦ ትንፋሼ ተቆረጠ። ይኼ ግን ሌላ ነው አይደል ልጄ?"

ሌላ አይደለም። አባቱ አንድ ነው። ለፔኒሲሊን አለርጂ ያለበት ሰው ከነወንድሞቹ መራቅ አለበት። ያዘዘላቸውን ሐኪም ደውዬ አገኘሁት፤ በሌላ ወገን መድኃኒት ለወጠላቸው። ልጅቷ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። "በምን አወቁ?" አለችኝ። ካርቶኑን አምጥቼ የመጨረሻዎቹን 6 የእንግሊዝኛ ፊደላት በእስክሪብቶ አሰመርኩላት። አጠገቡ አሞክሲሲሊንን አስቀምጬ "አንቺ አስምሪ" አልኳት። ሳትሳሳት አሰመረች። ከዚያ የአያቷን የሕክምና ካርድ ገልብጣ ጀርባው ላይ በትልልቁ ጻፈችበት፦ "ሲሊን የሚል ሁሉ ክልክል ነው።" ስንት ባለ ዲግሪ ያን የምታህል ማስታወሻ ሳይጽፍ ይቀራል!

አሁን ጥንቃቄ ወደሚፈልገው ልውሰዳችሁ። የአባት ስም የተመሳሰለ ሁሉ ወንድማማች አይደለም። አዞል የሚለውን ጅራት ተመልከቱ። ኦሜፕራዞል የጨጓራ አሲድ ይቀንሳል። ሜትሮኒዳዞል ለአሜባና ለጃርዲያ ነው። ፍሉኮናዞል ለፈንገስ፣ አልቤንዳዞልና ሜቤንዳዞል ደግሞ ለወስፋትና ለመሳሰሉት የአንጀት ትላትል። ስለዚህ አዞል ላይ አትቁሙ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተመለሱና ፕራዞል ነው? ኒዳዞል ነው? ኮናዞል ነው? ወይስ ቤንዳዞል? ብላችሁ ጠይቁ። ቤተሰቡ ያለው እዚያ ላይ ነው። እሱም ቢሆን ያስታል። አሪፒፕራዞል የሚባል መድኃኒት አለ። ጅራቱን በጥድፊያ ያየ ሰው የጨጓራ ነው ብሎ ያልፈዋል። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው። የሚለየው ከፕራዞል በፊት ባለችው "ፒ" ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ሌላ ጥንድ ነው። ፕሮፕራኖሎል እና ፕሬድኒሶሎን። ሁለቱም በእንግሊዝኛ "ፒ አር" ብለው ይጀምራሉ፤ ሁለቱም መጨረሻቸው አካባቢ "ኦሎ" አለባቸው። በሐኪም የእጅ ጽሑፍ፣ ያውም በጥድፊያ የተጻፈ ከሆነ፣ ለመለየት ዓይን ይፈትናል። የደሴ ጉምና ብርድ ሲበረታ አስም የተነሳባቸው ሰዎች ወደ እኛ ይመጣሉ። ፕሬድኒሶሎን ለአስም የሚታዘዝ ነው። የልብና የደም ግፊት መድኃኒት የሆነው ፕሮፕራኖሎል ግን የአየር ቧንቧን አጥብቦ ያንኑ አስም ሊቀሰቅስ ይችላል። አንዱ ትንፋሽ ይሰጣል፣ ሌላው ይነሳል። ስለዚህ የመጨረሻዋ ፊደል "ኤል" ትሁን "ኤን ኢ" ካልለየላችሁ፣ በሽተኛውን "ምንዎትን ነው ያመመዎት?" ብላችሁ ጠይቁ። ያም ካልበቃ ሐኪሙን ደውሉለት። ቢቆጣም ይቆጣ። ገምታችሁ ግን አትስጡ። በዚህ ነገር ከማንም ጋር አልደራደርም።

የበሽታ ስሞችም እንዲሁ ይቆረጣሉ። ጅራቱ አይቲስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ብግነት ነው። ኤክቶሚ ከሆነ ቆርጦ ማውጣት ነው። ትርፍ አንጀቱ የቆሰለ ሰው በሽታው አፔንዲሳይቲስ፣ ቀዶ ሕክምናው አፔንዴክቶሚ ይባላል። ይህ ቀላሉ ነው። የሚከብደው ጅራቱ አንድ ሆኖ ራሱ ሲለያይ ነው። ሃይፐርግላይሴሚያና ሃይፖግላይሴሚያ መጨረሻቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ጣፋጭ ነገር በደም ውስጥ እንደማለት። ሃይፐር ከሆነ ስኳሩ ከልክ በላይ ወጥቷል፣ ሃይፖ ከሆነ ከልክ በታች ወርዷል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ላብ ሲያጠምቀውና ሲንቀጠቀጥ ምናልባት ስኳሩ ወርዶ ይሆናል፤ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ቶሎ ስኳር ያለው ነገር መስጠት ነው። ሁለቱን ቃል ያምታታ ሰው ሕክምናውንም ይገለብጠዋል። ስለዚህ ከጅራት ጀምሩ እላችኋለሁ እንጂ ራሱን ተዉት አላልኩም።

ወጣቶች ስትሰበሰቡ የእንግሊዝኛ ረጅሙ ቃል የቱ ነው ብላችሁ እንደምትፎካከሩ አውቃለሁ። ደስ ይለኛል። ኒሞኖአልትራማይክሮስኮፒክሲሊኮቮልኬኖኮኒዮሲስ፣ 45 ፊደል። እ.ኤ.አ. በ1935 የአሜሪካ እንቆቅልሽ ወዳዶች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት ኤቨሬት ስሚዝ ሆን ብለው ረጅም እንዲሆን የፈጠሩት ነው። ቆራርጡትና ሁሉም ክፍሉ ይናገራል፦ ሳንባ፣ እጅግ ረቂቅ፣ ሲሊካ፣ እሳተ ገሞራ፣ አቧራ፣ መጨረሻው ኦሲስ ደግሞ የሕመም ሁኔታ። ሐኪሞች ሲሊኮሲስ ብለው ያሳጥሩታል። በሽታው እውነተኛ ነው። ድንጋይ የሚጠርብ፣ ጠጠር የሚፈጭ ዘመድ ካላችሁ፣ ቃሉን ከምታስቆጥሩት አቧራውን በውሃ እንዲያርሰውና አፍንጫውን እንዲሸፍን ንገሩት።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ እሱም በየቤታችን ያለ ነው። ስንቱ የወሎ ቤተሰብ ውጭ አገር ልጅ አለው! ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ትልቅ የማስታገሻ ብልቃጥ አይጠፋም። ላዩ ላይ አሴታሚኖፌን ይላል። እናት ከዚያ ትወስዳለች። ራስ ምታቱ ካልተዋት ከሰፈር የተገዛውን ፓራሲታሞል ትጨምርበታለች። ስማቸው ስለተለያየ ሁለት መድኃኒት ይመስሏታል። አንድ ናቸው። ሁለቱም የወጡት ፓራ አሴቲል አሚኖ ፌኖል ከሚለው የኬሚካል ስም ነው። አንዱ አገር ከፊሉን ፊደል ወስዶ ፓራሲታሞል አለው፣ አሜሪካኖቹ ሌላውን ወስደው አሴታሚኖፌን አሉት። ለጤነኛ አዋቂ ትልቁ መጠን በ24 ሰዓት 4 ግራም ነው፤ ባለ 500 ሚሊግራሙ ከሆነ 8 ፍሬ ማለት ነው። ከሁለቱም ብልቃጥ የወሰደ ሰው ሳያውቀው ያልፈዋል፤ የሚጎዳው ደግሞ ጉበት ነው።

እና ቤት ስትገቡ የመድኃኒቱን ሳጥን አምጡት። በትልቁ ከተጻፈው የፋብሪካ ስም ሥር ያለውን ትንሹን ጽሑፍ አንብቡ። እነዚያን ሁለቱን ካገኛችሁ በላስቲክ አንድ ላይ እሰሯቸውና "አንድ ዓይነት ነው፣ ከሁለቱም አይወሰድም" ብላችሁ በአማርኛ ጻፉባቸው። አሮጌ ሲሊን ካገኛችሁ ደግሞ ለማን፣ መቼ፣ ለምን እንደታዘዘ ጠይቁ። የሚያውቅ ከሌለ ማንም እንዳይወስደው ለዩትና አቅራቢያችሁ ወዳለ መድኃኒት ቤት ውሰዱት።