«ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበት ይሆን?»

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የዶርም ጓደኛዬ ፈተና ከወደቀ ወዲህ ካፌ አይሄድም፤ ሌሊትም አይተኛም፤ «ተኝቼ ባልነሣ ይሻለኝ ነበር» ይላል። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል። የእንቅልፍ ኪኒን ገዝቼለት ነበር፤ ሦስት ሳምንት አለፈ። ራሱን ስለ ማጥፋት ብጠይቀው ሐሳቡን እንዳላስገባበት እፈራለሁ።

መልስ፦ ይበልጥ የሚያስጨንቅዎ ምስጢሩን ካወጡ ጓደኛዎን የከዱ፣ ዝም ካሉ ደግሞ ለሞቱ ተጠያቂ የሚሆኑ መስሎ መታየቱ ነው ብዬ አምናለሁ። መናገርዎ ክህደት አይደለም፤ የሰው ሕይወት ያለበት ምስጢር ለአንድ ተማሪ ብቻ የሚተው ሸክም ስላልሆነ መሐላው አያስርዎት።

መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባል የሚለው እምነት ስሕተት ነው፤ በርካታ ጥናቶችም ይህንኑ አሳይተዋል። ይህ እምነት ወላጆችንም መምህራንንም ዝም ስለሚያሰኝ ደጋግሜ እናገራለሁ፦ ሐሳቡ አስቀድሞ ያደረበት ወጣት በግልጽ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ እፎይታ ይሰማዋል። ለብቻችሁ ስትሆኑ፣ ሳይቸኩሉ፣ «ሕይወትህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብለው ይጠይቁት። «እንዲህ ያለ ነገር አታስብም አይደል?» ብለው ግን አይጠይቁ፤ እንዲህ የተጠየቀ ሰው «አላስብም» ከማለት በቀር ምርጫ የለውም። «አዎ» ካለዎት «ኀጢአት ነው» ወይም «ለእናትህ አታዝንም?» አይበሉት፤ ኀፍረቱ ቀድሞውኑ አጉብጦታል። ያዳምጡትና መቼና እንዴት እንደሚያደርገው አስቦ እንደሆነ ይጠይቁት። አስቦ ከሆነ ጉዳዩ ለነገ አይባልም፤ ብቻውን አይተዉት፤ ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ሁሉ ከአጠገቡ ያርቁ።

ኪኒኑን ግን ዛሬውኑ መልሰው ይውሰዱ። ሐኪም ያላዘዘው የእንቅልፍ መድኃኒት ድባቴን አያክምም፤ ሱስ ሊያስይዝም ይችላል። ሦስት ሳምንት መጠበቅም አልነበረብዎትም። ይህን የምለው ልወቅስዎ ፈልጌ አይደለም፤ አራተኛው ሳምንት እንዳይጨመርበት ነው።

ድባቴ የሚታከም ሕመም ነው፤ ምክክር ብቻውን የሚበቃቸው አሉ፤ መድኃኒት የሚያስፈልጋቸውም ለውጡን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ማየት ይጀምራሉ። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ሕክምናውን ግን አይተኩትም። ዛሬ አብረውት ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ ይሂዱ፤ ሌሊት ከሆነ የዶርሙን ተቆጣጣሪ (ፕሮክተሩን) ይቀስቅሱ። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ደሴ ያለው የሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሩቅ አይደለም። ትምህርቱ ያሳሰበው እንደሆነ፣ በሕመም ምክንያት ትምህርትን ለጊዜው የማቋረጫ ቅጽ (ዊዝድሮዋል) ሞልቶ በኋላ መመለስ እንደሚቻል ይንገሩት። የኪኒኑንም መያዣ ይዘው ሄደው ለሐኪሙ ያሳዩት።