ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ባትሪ ቤት ነው የምሠራው፤ ጉበቴን በክኒን ላጽዳ?

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የመኪና ባትሪ ጥገና ላይ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። አሮጌ ባትሪ እንፈታለን፣ እርሳስ እናቀልጣለን። ድካም፣ የሆድ ቁርጠትና ድርቀት ያስቸግረኛል። የጉበት ምርመራ አድርጌ ደህና ነህ ተባልኩ። ጓደኛዬ ግን ዚንክና ሴሊኒየም ያለበት ‹ጉበት የሚያጥብ› ክኒን ከዱባይ አመጣልኝ። ልውሰደው?»

ጤና ይስጥልኝ። ክኒኑን ለጊዜው ያቆዩት፤ ገና ያልተመረመሩት ነገር አለ። የጉበት ምርመራ ጉበት መጎዳት አለመጎዳቱን ነው የሚያሳየው። ደምዎ ውስጥ ምን ያህል እርሳስ እንዳለ አይናገርም። ለእሱ ራሱን የቻለ የደም ምርመራ አለ። ቁርጠት፣ ድርቀትና ድካም ደግሞ የታወቁ የእርሳስ ምልክቶች ናቸው። ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ መጀመሪያ ሥራዎን ይንገሩ። ካልነገሩ «ጨጓራ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

እርሳስ ጉበትንም ይጎዳል። ግን አዋቂ ሰው ውስጥ ካለው እርሳስ ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው አጥንት ውስጥ ነው፤ እዚያም ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። የትኛውም «አጣቢ» ክኒን ያንን አያወጣም። ጉበትና ኩላሊት ላይ የሚጠራቀመው ካድሚየም የሚባለው ሌላ መርዛማ ብረት ነው፤ ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ በየቀኑ እያስገቡት ነው።

ማዕድናቱ ዋጋ የላቸውም እያልኩ አይደለም። ሰውነት አይረን ሲያጥረው አንጀት በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል። በዚያው በር እርሳስና ካድሚየምም ሰተት ብለው ይገባሉ። የካልሲየም እጥረትም እንዲሁ ለእርሳስ መንገድ ይከፍታል። ዚንክ ደግሞ ጉበት ሜታሎታዮኒን የሚባል ፕሮቲን እንዲያመርት ያነሳሳል፤ ፕሮቲኑ ካድሚየምን ጠፍሮ ይይዛል። ሴሊኒየም ሜርኩሪን የማሰር ጠባይ አለው። ይህ ሁሉ ግን የሚገባውን ለመቀነስና ጉዳቱን ለማለዘብ ነው እንጂ የገባውን ጠራርጎ ለማውጣት አይደለም። ሲበዛም ጣጣ አለው። በቀን ከ40 ሚሊ ግራም በላይ ዚንክ ለረጅም ጊዜ መውሰድ መዳብ ያሳጣል፤ ሴሊኒየም ሲበዛ ፀጉር ያረግፋል። አይረንን ያለ ምርመራ መዋጥማ ጭራሽ አይሞከርም፤ ትርፉ የሚጠራቀመው እዚያው ጉበት ላይ ነው።

እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔን ከክኒኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ ምሳዎ ነው። እንጀራ የሚበላው በእጅ ነው። ጥፍር ሥር የገባው ጥቁር አቧራ ከወጡ ጋር አብሮ ይጎረሳል። በባዶ ሆድ ሲሆን ይብሳል፦ አዋቂ ሰው ሳይበላ ከዋጠው እርሳስ 60 በመቶ ያህሉ ወደ ደም ይገባል፤ በልቶ ከሆነ ግን 6 በመቶ ገደማ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ በተለይ እጅዎን ወደ አፍዎ አያስጠጉ። ሲበሉ ደግሞ ከሥራ ቦታው ወጣ ብለው፣ ጥፍርዎን በሳሙናና በብሩሽ ፈትገው ይሁን። ጤፍ፣ ምስርና ጎመን ጥሩ የማዕድን ምንጭ ናቸው፤ ቡናና ሻዩን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ያራርቁት። የጨርቅ ማስክ የእርሳስ ጭስ አያስቀርም፤ ማቅለጡ አየር እንደልብ የሚገባበት ቦታ ይሁን።

ቱታዎን እዚያው ይተዉት። ልጆች ካሉዎት አቧራው እነሱ ጋር ይደርሳል፤ ለልጅ ደግሞ «ይህን ያህል አይጎዳም» የሚባል የእርሳስ መጠን የለም። እነሱንም ያስመርምሩ።

መጠኑ በጣም ከፍ ብሎ ከተገኘ እርሳሱን አስሮ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት አለ። የሚሰጠው በሐኪም ክትትል ብቻ ነው፤ እሱን እየወሰዱ ባትሪ መፍታት ግን አይሆንም። ለምርመራው ሲሄዱ የደም ማነስዎንም አብረው ይታዩ፤ ውጤቱን ይዘው ይጻፉልኝ።