ወደ ዋሽንግተን 17 ሰዓት፣ ሲመለሱ 13?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እናቴ በመስከረም ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን እህቴ ጋ ልትሄድ ነው። ትኬቱ 22:15 ተነስታ በማግስቱ 08:00 ትደርሳለች ይላል። ይሄ 10 ሰዓት አይሞላም። እህቴ ግን «ስትመጣ ወደ 17፣ ስትመለስ 13 ነው» ትላለች። እንዴት ይሆናል? እማዬ ስኳር ስላለባት ሰዓቱን በትክክል ማወቅ እፈልጋለሁ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህትሽ ልክ ናት። ትኬት ቢሮ በሠራሁባቸው ዓመታት እንደዚህ ያነታረከኝ ጥያቄ የለም። ትኬት ላይ የሚጻፈው በየከተማው ሰዓት ነው። በመስከረም ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደኋላ ናት። እሱን ስትጨምሪበት 17 ሊሞላ ሩብ ጉዳይ ይመጣል።

እማዬን በፈረንጅ ሰዓት አታስጨንቂያት። በእኛ አቆጣጠር የሞላችውን የእጅ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ብቻ ወደኋላ ትመልስ። እዚህ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሲሆን እዚያ በእነሱ አቆጣጠር ከቀኑ 3 ነው። በጥቅምት መጨረሻ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ወደኋላ ትመልሰው።

ርቀቱማ ደርሶ መልስ ያው ነው፤ በቀጥታ ቢለካ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጣጣው ቦሌ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉ የሚሸከመው፣ ሞተሩም የሚገፋው ይቀንሳል። ሰውና ሻንጣ ጢም ብሎ ነዳጁም እስከ አፉ ከተሞላ አውሮፕላኑ አይነሳም። ስለዚህ ነዳጅ ቀነስ አድርጎ ይነሳና መንገድ ላይ ይሞላል። ለብዙ ጊዜ የዚህ በረራ መሙያ የአየርላንዷ ደብሊን ነበረች፤ ከመስመሩም ብዙ አትርቅም። ለመሙላት መቆሙ አንድ ሰዓት ያህል ይበላል።

የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከዚያ ታንኩን ሞልቶ በቀጥታ ቦሌ ነው። በዚያ ላይ አትላንቲክን ሲያቋርጥ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ ከኋላ ይገፋዋል። ሲሄድ ያው ነፋስ ከፊት ይመጣበታል።

ስለ ስኳሯ ከእኔ ይልቅ ሐኪሟ ይሻላል። ስትጠይቂው ግን የትኬቱን 10 ሳይሆን 17ቱን ንገሪው፤ ቦሌ ቀድማ የምትጠብቅበትንም ጨምሪበት። ኢንሱሊን የምትወጋ ከሆነ በእጅ ቦርሳዋ ትያዝ። ሻንጣ ክፍሉ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሆነ ደግሞ አይረባም። ሻንጣው በርበሬና ሽሮ ይበቃዋል!

ነዳጅ ሊሞላ ሲያርፍ ተሳፋሪው አብዛኛውን ጊዜ ወንበሩ ላይ ነው የሚቆየው። «ደረስን» ብላ እንዳትነሳ ቀድመሽ ንገሪያት። አጠገቧ የሚቀመጥ ሀበሻ አይጠፋም፤ እሱንም አደራ ትበለው።