ሁለት ሰከንድ ለማየት አሰን ድረስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምኖረው በኔዘርላንድ፣ ሮተርዳም ነው። የ11 ዓመቱ ልጄ የሞተር ሳይክል ውድድር በቴሌቪዥን ካየ ወዲህ በሰኔ መጨረሻ አሰን ከተማ ወደሚካሄደው ግራንድ ፕሪ ካልወሰድሽኝ እያለ እረፍት ነስቶኛል። እኔ ያደግሁት ኳስና ሩጫ እያየሁ ስለሆነ ስለ ሞተር የማውቀው የለም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ለሁለት ሰከንድ ታይተው ይጠፋሉ፣ ከዚያ በኋላ የምታይው የሰው ጀርባ ነው» ብላ አስፈራርታኛለች። ጉዞው ለወጪው ይገባዋል? ከሄድንስ የት እንቀመጥ? እሑድ ቅዳሴ መቅረቱና የጾም ወቅት መሆኑም ያሳስበኛል።

መልስ፦ ባልደረባዎ የነገሩዎት ሐሰት አይደለም፤ የሚደርሰው ግን ቦታውን ሳያጠኑ ትኬት በሚገዙ ሰዎች ላይ ነው። ስታዲየም የለመደ ሰው ሁሉ ጥሩ ቦታ የሚመስለው ከመነሻውና ከመድረሻው መስመር ፊት ለፊት ያለው፣ የክቡር ትሪቡን ዓይነቱ መቀመጫ ነው። በቀጥታው መንገድ ላይ ግን ሞተሮቹ በሙሉ ኃይላቸው ስለሚያልፉ ዓይን የሚይዘው ቀለማቸውን እንጂ ነጂዎቹን አይደለም። የሞተር ውድድር የሚታየው ፍሬን ሲያዝና ሲታጠፍ ነው፤ ነጂው ከመቀመጫው ወርዶ በጉልበቱ፣ አንዳንዴም በክርኑ አስፋልቱን እየነካ፣ ከ150 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝነውን ሞተር ወደ መሬት ሲያስተኛው ያየ ሰው ሁለት ሰከንዱ አጭር ነው ብሎ አያማርርም።

ደግሞም ሁለት ሰከንዱ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። የአሰን ዙር ርዝመቱ 4.542 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በትልቁ የውድድር ክፍል፣ ሞቶጂፒ በሚባለው፣ የሚወዳደሩት ይህን በአንድ ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ገደማ ይጨርሱታል፤ የእሑዱ ውድድር 26 ዙር ስለሆነ 26 ጊዜ ከፊትዎ ያልፋሉ። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ተጠጋግተው የሚመጡት ቀስ በቀስ ሲበታተኑ፣ አንዱ በእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ሜትር ሲቀርብ፣ ሌላው ጎማው አልቆበት ሲንሸራተት መከታተል 10,000 ሜትር ሩጫን ከመከታተል ብዙ አይለይም፤ ስለዚህ የሩጫ ልምድዎ እዚህም ይረዳዎታል።

አቅምዎ ከፈቀደ በመጨረሻው መታጠፊያ፣ ኸርት ቲመር በሚባለው፣ መቀመጫ ይፈልጉ። ነጂዎቹ ራምስሁክ የተባለውን እጅግ ፈጣን የግራ መታጠፊያ እንዳለፉ ፍሬን ይዘው፣ መድረሻው ጥቂት ሲቀረው፣ ወዲያና ወዲህ በሚጠማዘዘው በዚህ ጠባብ ስፍራ ይገናኛሉ። በ2006 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) አሜሪካዊው ኮሊን ኤድዋርድስ በመጨረሻው ዙር ሲመራ ቆይቶ እዚሁ ላይ ወደቀ፤ ድሉን የወሰደው የአገሩ ልጅ ኒኪ ሄይደን በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2015 ደግሞ ማርክ ማርኬዝ ቫለንቲኖ ሮሲን ከውስጥ ሊያልፍ ሲገባ ተነካኩ፤ ሮሲ ከአስፋልቱ ወጥቶ ጠጠሩን ቀጥ ብሎ በማቋረጥ አንደኛ ገባ። ስለዚያ ጠጠር ዛሬም ሰው ይከራከራል፤ በእኔ አስተያየት የተገፋ ሰው ሞተሩን ሳይጥል ከጠጠር ማውጣቱ ራሱ ሙያ ነው።

የትሪቡኑ ዋጋ ከከበደዎት በሣር የተሸፈኑ የአፈር ቁልሎች አሉ። አዲስ አበባ ስታዲየም ሚስማር ተራ ወይም ካታንጋ ተቀምጦ ያየ ሰው የዚህን ዓይነት ቦታ ጣዕም አይረሳውም፤ ጨዋታው የሚደምቀው እዚያ ነው። ለልጅዎ ስትሩበን የሚባለውን መታጠፊያ እመርጥለታለሁ፤ ከሁሉም ዘገምተኛው ስለሆነ የነጂዎቹን ቁጥርና ቀለም ለይቶ ማወቅ ይችላል።

መታጠፊያዎቹ ስማቸው ይህን ያህል የሚጠራው ለምን እንደሆነ ልጅዎ መጠየቁ አይቀርም። ውድድሩ በ1925 ሲጀመር የተለየ ሜዳ አልነበረውም፤ በድሬንተ ክፍለ ሀገር ሮልደን፣ ቦርገርንና ስኾንሎን በሚያገናኙ የገጠር መንገዶች ላይ፣ አንዱ ዙር 28 ኪሎ ሜትር በሚሆን ጎዳና ይሮጥ ነበር። በማግስቱ ዓመት በአሰን አጠገብ ወዳሉት፣ ዙራቸው ወደ 16 ኪሎ ሜትር ተኩል ወደሆነ መንገዶች ተዛወረ፤ ለውድድር ብቻ የታነጸው፣ 7.7 ኪሎ ሜትር የነበረው መም የተከፈተው በ1955 ነው። አዲሱም ቢሆን የገጠር መንገድ ጠባዩን አልተወም ነበር፤ ቀጥታ የሚመስለው እንኳ ይጠማዘዛል። ፌንስላንግ የሚባለው ክፍል ስሙ «የረግረግ እባብ» ማለት ነው፤ የአካባቢው መሬት ረግረግና የቁጥቋጦ ሜዳ መሆኑን ያስታውሳል። በ2006 የሰሜኑ ክፍል ተቆርጦ ዙሩ በእጅጉ አጠረ። ባለቤቶቹ የራሳቸው ምክንያት ይኖራቸዋል፤ የቀድሞውን የሚያውቅ ተመልካች ግን ከጥሩ ቅኔ ውስጥ ሁለት ቤት እንደተሰረዘበት ሰው ያዝናል። የቀረውም ቢሆን ተወዳዳሪዎች «የፍጥነት ካቴድራል» እያሉ የሚጠሩት ነው። የዓለም ሻምፒዮና በ1949 ከተመሠረተ ጀምሮ አሰን በየዓመቱ አስተናግዷል፤ የቀረው በ2020፣ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ብቻ ነው።

ስለ እሑዱ የጠየቁት በጣም የሚገርም ነው፤ እዚሁ አገር የእሑድን ሰንበት ለማክበር ሲባል ይህ ውድድር ለዘጠና ዓመት ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ ሲካሄድ ኖሯል። ወደ እሑድ የዞረው በ2016 ነው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው፣ በተለይም ቅዳሴ ለማያስታጉል ሰው፣ ቅዳሜን እመክራለሁ። ጠዋት የመነሻ ረድፍ የሚወሰንበት የሰዓት ሙከራ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ የእሑዱን ግማሽ ርቀት፣ ማለት 13 ዙር፣ የሚሸፍን ስፕሪንት ይካሄዳል። ለአሸናፊው የሚሰጠው ነጥብ 12 ነው፤ የእሑዱ 25 ነው። ርቀቱ አጭር ስለሆነ ጎማ ልቆጥብ የሚል የለም፤ ከመጀመሪያው መታጠፊያ ጀምሮ ይጋፋሉ። ሰዓቱን ሲያዩ ግን ይጠንቀቁ፤ በፕሮግራሙ ላይ 15፡00 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ነው።

ጾሙን በተመለከተ፣ ወቅቱ በአብዛኛው የሰኔ ጾም ውስጥ ስለሚውል ምግብ ከቤት መያዝ ይሻላል። በየቦታው የሚሸጠው የድንች ጥብስ ለጾመኛ የሚሆን ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ማዮኔዝ ተጨምሮበት ስለሚሰጥ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ በምን እንደተጠበሰም ይጠይቁ። ከሮተርዳም ሲነሡ በኡትሬክትና በዝቮለ አድርጎ ወደ ግሮኒንገን የሚወጣው ባቡር አሰን ላይ ይቆማል፤ መንገዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። መሙ ከከተማው በስተ ደቡብ ነው፤ ብዙ ሰው ብስክሌት ይጠቀማል።

ለልጁ የጆሮ መሸፈኛ ሳይገዙ ከቤት አይውጡ። የአንድ ሺህ ሲሲው ሞተር ድምፅ በቴሌቪዥን የሚሰማው ዓይነት አይደለም፤ ደረት ውስጥ ገብቶ ያስተጋባል፣ ጆሮንም በእውነት ይጎዳል። የዝናብ ልብስም ይያዙ።

ጥያቄ፦ ዝናብ ከመጣ ውድድሩ ይቋረጣል? ወንድሜ «ሞተር ይቀይራሉ» ብሎኝ ሳቅሁበት። (ከብራስልስ)

መልስ፦ ወንድምዎን ይቅርታ ይጠይቁት። በትልቁ ክፍል እያንዳንዱ ነጂ ሁለት ሞተር አለው፤ አንደኛው ለደረቅ አስፋልት ልሙጥ ጎማ፣ ሁለተኛው ለዝናብ ውኃ የሚያሳልፍ ጥርስ ያለው ጎማ ሊገጠምለት ይችላል። ዳኞቹ ነጭ ባንዲራ ሲያሳዩ ነጂው ወደ ጥገናው መስመር ገብቶ ከአንዱ ወርዶ በሌላው ይወጣል፤ መቼ እንደሚገባ የሚወስነው ራሱ ስለሆነ አንድ ዙር ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መግባት ድሉን ሊያሳጣው ይችላል። ዝናቡ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ግን ቀይ ባንዲራ ይወጣና ይቆማል። አሰን ላይ በ2016 የሆነው ይኸው ነው፤ ውድድሩ ቆሞ ለ12 ዙር እንደገና ሲጀመር መሪው ሮሲ ወደቀ፣ ማንም ያልጠበቀው አውስትራሊያዊው ጃክ ሚለርም አሸነፈ። በማግስቱ ዓመት በካፊያ ውስጥ ሮሲ ዳኒሎ ፔትሩቺን በ0.063 ሰከንድ ቀድሞ ገባ፤ በሙያ ዘመኑ ያገኘው የመጨረሻ ድሉም እሱ ነበር።